የከይበር መንገድ ስንቅ፦ በሶ፣ ተምርና የልጆቻችን መክሰስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



የዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ከምናየው ነገር ይነሳል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ “ኡሚ፣ መክሰስ!” ይላል። እናትም ሥራ ይዛለችና ገንዘብ ሰጥታ ወደ ሱቅ ትልከዋለች። ልጁ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታሸገ ብስኩትና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዞ ይመጣል። በዚያው ቤት ጓዳ ውስጥ ግን አያት የላኩት በሶ በጣሳ እንደተከደነ ተቀምጧል። ለምን አይበላም ብላችሁ ብትጠይቁ፣ “የድሮ ምግብ ነው፤ ልጆቹም ያፍሩበታል” የሚል መልስ ታገኛላችሁ።

ለመሆኑ ይህ የሚታፈርበት ምግብ ታሪኩ ምንድን ነው? በእስልምና ታሪክ ውስጥስ ስፍራ አለውን? ዛሬ በአላህ ፈቃድ የምንመለከተው ይህንን ነው።

የሰዊቅ ዘመቻ

ታሪኩን ከ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ ከ624 እንጀምር። የበድር ጦርነት አልቆ ቁረይሾች ተሸንፈው ወደ መካ ተመልሰዋል። ያን ጊዜ ገና ያልሰለመው አቡ ሱፍያን ሳልበቀል አልቀርም ብሎ ማለ፤ 200 ያህል ጋላቢዎችንም አስከትሎ ወደ መዲና መጣ። በመዲና ዳርቻ ዑረይድ በተባለው ስፍራ የተምር ዛፎችን አቃጠለ፤ ሁለት ሰዎች ገደለ፤ ከዚያም ሸሸ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ይዘው ተከተሉት። ሸሺዎቹም ሸክም እንዲቀልላቸው የስንቅ ከረጢታቸውን በየመንገዱ እየጣሉ አመለጡ። ሙስሊሞቹ ከረጢቶቹን ሲያነሱ በውስጣቸው ያገኙት ሰዊቅ ነበር። በዚህም ምክንያት ያ ዘመቻ በሲራ መጻሕፍት ውስጥ “የሰዊቅ ዘመቻ” ተብሎ ይታወቃል።

ሰዊቅ ምንድን ነው? ገብስ ወይም ስንዴ ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ በከረጢት ይያዛል። መንገደኛው ሲርበው በውሃ አርሶ ይበላዋል፤ ካገኘም በቅቤ፣ በማር ወይም በተምር ይለውሰዋል። ማብሰያ እሳት አይሻም፤ ቶሎ አይበላሽም፤ ለሸክምም ቀላል ነው። ውድ አድማጮች፣ ይህንን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስሙን ለማወቅ አይቸገርም። በሶ ነው።

በከይበር መንገድ ላይ

አምስት ዓመት ያህል ወደ ፊት እንሂድ። ጊዜው 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ እ.ኤ.አ 628። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ከይበር እየዘመቱ ነው። ሱወይድ ኢብኑ ኑዕማን (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ የሚከተለውን ይነግረናል። ሰራዊቱ ከከይበር ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሰህባእ በተባለው ስፍራ ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐስርን ሰገዱ። ከዚያም ስንቅ እንዲቀርብ አዘዙ። ከሰዊቅ በቀር የቀረበ ነገር አልነበረም። እርሱም እንዲርስ አደረጉ፤ በሉ፤ ባልደረቦቻቸውም አብረው በሉ። የመግሪብ ሰላት ሲደርስም አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ ሌሎቹም ተጉመጠመጡ፤ አዲስ ውዱእ ሳያደርጉ ሰገዱ።

የፊቅህ ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ እሳት የነካው ምግብ ውዱእን እንደማያፈርስ ማስረጃ ወስደዋል። እኛ ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ የአላህ መልእክተኛና ሰራዊታቸው በእኩል የተመገቡት ይህንኑ እኛ የምንንቀውን ዓይነት የገብስ ዱቄት ነው። ሁለተኛ፣ ከበሉ በኋላ አፋቸውን በውሃ ተጉመጥምጠዋል። የተቆላ እህል ዱቄት በጥርስ መካከል ይቀራልና። ለልጆቻችን ጥርስ ከዚህ የተሻለ ቀላል ትምህርት ከየት ይገኛል?

ከዚያው ዘመቻ ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችንን ሶፍያን (ረ.ዐ) አገቡ። የዚያ ሰርግ ድግስ ሥጋና እንጀራ የሞላበት አልነበረም። አነስ (ረ.ዐ) እንደሚተርኩት ሰው ሁሉ ያለውን እንዲያመጣ ተጠየቀ። አንዱ ተምር አመጣ፣ ሌላው ቅቤ አመጣ፤ ሰዊቅም እንደነበረበት ተጠቅሷል። ሁሉም ተቀላቅሎ “ሐይስ” የሚባለው ምግብ ተሠራ። ያ ነው የነቢዩ የሰርግ ድግስ! የአርሲና የባሌ እናቶች በሶውን በቅቤ ለውሰው ጭኮ ሲያዘጋጁ ያየ ሰው ሐይስ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያቅተውም።

ሐበሻ የተወለደው ልጅ

ይኸው 7ኛው ዓመት እኛን በቅርብ የሚነካ ሌላም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ ተሰደው ከነበሩት ሰሓቦች መካከል ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። በስደት ላይ ሳሉ በዚሁ በነጃሺ ምድር ዐብዱላህ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ከዓመታት በኋላ በመርከብ ተሳፍረው ተመለሱና ልክ ከይበር በተከፈተችበት ጊዜ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ተገናኙ። ዐብዱላህ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር።

ይህ ሐበሻ የተወለደው ልጅ አድጎ በለጋስነቱ ስመ ጥር ሆነ። ካስተላለፋቸው ሐዲሶች አንዱ ደግሞ ስለ ምግብ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሩጠብን፣ ማለትም ያልደረቀ እሸት ተምርን፣ ከኪያር ጋር ሲበሉ ማየቱን ተናግሯል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ልጆች ከሚነገራቸው ይልቅ የሚያዩትን እንደሚይዙ ይህ ጥሩ ምስክር ነው። ዐብዱላህ ትልቅ ሰው ሲበላ አየ፤ ያየውንም ለትውልድ አቆየ። የእኛ ልጆችስ ምን ስንበላ እያዩን ነው?

የምግቡንም ጥበብ አስተውሉ። ተምር በጣም ጣፋጭ ነው፤ ኪያር ውሃ የሞላበት ነው። አንዱ ሌላውን ያመዛዝነዋል።

ጣፋጭ ነገር በእስልምና የተጠላ ነው ማለታችን አይደለም። እናታችን ዐኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጣፋጭ ነገርና ማር ይወዱ እንደነበር ተናግራለች። እርሷው ደግሞ በቤታቸው እሳት ሳይነድ ተከታታይ ወራት ያልፉ እንደነበር፣ ኑሯቸውም በተምርና በውሃ እንደነበር ገልጻለች። ጣፋጩ በመጠን ነበር፤ ከሌለም ይታገሱ ነበር ማለት ነው።

በእኛ አገር

ገብስ ለአገራችን ደጋ እንግዳ እህል አይደለም። እ.ኤ.አ በ1927 አገራችንን የጎበኘው ራሺያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በገብስ ዓይነቶቻችን ብዛት ተደንቋል። ሕዝባችንም ከዚህ እህል ቆሎውን፣ በሶውን፣ አጥሚቱን፣ ቂጣውን አውጥቷል። ሲራራ ነጋዴው ቅፍለቱን ይዞ ሲጓዝ፣ ደረሳው ዒልም ፍለጋ ከወሎ መንደር ወደ መንደር ሲዞር፣ ሐጅ የሚያደርገው ሰው ወደ ወደብ በእግሩ ሲወርድ ስንቁ በሶና ቆሎ ነበር። ዲናችን ወደ እኛ የደረሰው በእነዚህ ሰዎች እግር መሆኑን አንርሳ።

ታዲያ ይህ ምግብ መቼ ነው የሚታፈርበት የሆነው? አንዱ ምክንያት የስኳር መርከስና መስፋፋት ነው። በቀደመው ጊዜ በገጠር ቤት ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ስኳር የሩቅ ሸቀጥ ነበር። በብዙ ቦታ ቡና እንኳ በጨው ነበር የሚጠጣው። እ.ኤ.አ በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስኳር በየቤቱ ገባ። ከዚያም ከረሜላው፣ ብስኩቱ፣ ለስላሳው እየተከታተለ መጣ። የታሸገ ነገር የከተሜነት፣ ቆሎና በሶ ደግሞ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። ለእንግዳ ቆሎ ማቅረብ የሚያሳፍራቸው ቤቶች ዛሬ ጥቂት አይደሉም።

ውጤቱን ግን በልጆቻችን ጥርስ ላይ እናየዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዲያንስ መክሯል። ይህ የመጨረሻው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ያህል፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ልጁ በአንድ መክሰስ ብቻ ለአዋቂ የተመከረውን አለፈ ማለት ነው!

ሐላል ብቻ ሳይሆን ጠይብም

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 168ኛ አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በምድር ላይ ካለው ሐላልና ጠይብ የሆነውን እንዲበሉ ያዛል። ሁለት ቃላት ናቸው። እኛ ስለ መጀመሪያው እንጠይቃለን። ሥጋው በማን እንደታረደ፣ ከረሜላው ውስጥ የእሪያ ተዋጽኦ እንዳለበት እንጠይቃለን። መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ሁለተኛውን ግን እንረሳዋለን። ይህ ምግብ ለልጄ ሰውነት መልካም ነውን? ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ልጅ አማና ነው፤ ሆዱም ከአማናው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በሶ መብላት ዒባዳ ነው፣ ብስኩት የበላም ኃጢአት ሠራ አላልንም። ምግብ እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያል። የምንለው፣ ነቢዩና ሰሓቦቻቸው የተመገቡትን ዓይነት ምግብ በጓዳችን ይዘን ልንንቀው አይገባም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በሶውን በውሃና በጥቂት ማር በጥብጡላቸው፤ ወይም ፍሬው የወጣለት ተምር ደቁሳችሁ ከበሶና ከትንሽ ቅቤ ጋር ለውሱና በእጅ አድቦልቡሉት። ልጆቹን እጃቸውን አስታጥባችሁ አብረዋችሁ ያድቦልብሉ፤ የሠሩትን አይንቁም። ሌላ ቀን የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይሁን። ሌላ ቀን ንፍሮ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ የቤት ፈንዲሻ፣ እርጎ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን። ኪያር በርካሽ በተገኘ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ተምር ጋር አቅርቡና የዐብዱላህን ታሪክ ንገሯቸው። መጠጡ ውሃ ይሁን። ተምርን የረመዳን ብቻ አናድርገው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ኦቾሎኒና ጠንካራ ቆሎ እንዳለ አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል። ለእርሱ የተለወሰ በሶ ይሻለዋል። አንድ ዓመት ላልሞላው ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ሻጋታ የነካው ወይም የተጨማደደ ኦቾሎኒ ይጣል፤ ሻጋታው ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላልና። ደረቅ ተምር ከግማሽ በላይ ክብደቱ ስኳር ነው፤ ስለዚህ በመጠን ይበላ፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ያማክር። ከመክሰስ በኋላ ልጆቹ አፋቸውን ይጉመጥመጡ፤ መፋቂያም ይልመዱ።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ልጁ በበሶ የሚያፍረው እኛ ስናፍር አይቶ ነው። ነገ “ኡሚ፣ መክሰስ!” ሲል ጣሳውን አውርዱና እያበጠበጣችሁ በከይበር መንገድ ላይ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ምን እንደቀረበና ማን እንደበላው ንገሩት። ከዚያ በኋላ የሚያፍርበት አይመስለንም።

አላህ ሐላልና ጠይብ የሆነውን ሲሳይ ይስጠን፤ ልጆቻችንንም ጤነኛና ሷሊህ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።