ሱባዔና ሰንበቴ በአራዳ

ስለ አራዳ የተጻፈውን የተመለከተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የጸሓፊዎች ብዕር ፈጥኖ የሚያርፈው በገበያው፥ በዘውድ በዓሉና በሐውልቱ ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ዘውድ የጫኑት በአራዳ በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዳግማዊ ምኒልክም ሐውልት የቆመው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለ ሆነ፥ ታላላቁ ነገር የተመልካቹን ዐይን ቢስብ አያስደንቅም።

እኛ ግን ዛሬ ከሐውልቱ ዐልፈን ወደ አጸዱ ለመግባት እንወዳለን። የነገሥታቱ በዓል በጥቂት ቀናት ውስጥ ተፈጽሞ ሲያልፍ፥ በቅጥሩ ውስጥ የሚደረገው ሌላው ነገር፥ ማለት የሰንበት ዳቦ መቁረስና የነሐሴ ሱባዔ መያዝ፥ ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ ይኖራል። ስለዚህኛው ብዙ የጻፈ ሰው አላጋጠመንም።

በምዕራቡ ዓለም የሎዮላው ኢግናጥዮስ በ16ኛው መቶ ዓመት የአራት ሳምንት የጸሎትና የተመስጦ ሥርዓት ከደነገገ ወዲህ፥ ሰው ከሥራውና ከቤቱ ተለይቶ ለነፍሱ የሚያስብባቸው ቤቶች በየአገሩ ተሠርተዋል። እነዚህ ቤቶች አስተዳዳሪ፥ የእንግዳ መዝገብ፥ የተነጠፈ አልጋና የታወቀ የማዕድ ሰዓት አላቸው። የእኛ ሱባዔ ግን አልጋም መዝገብም አያውቅም። ቤቱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጥር ነው፤ አስተናጋጁም ቀድሞ የመጣው ምእመን ነው።

ሱባዔ የሚለው ቃል ከግእዙ «ሰብዐቱ»፥ ማለት ከሰባት የወጣ ስለ ሆነ፥ አንድ ሱባዔ ሰባት ቀን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ፥ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፥ ሐዋርያት ሁለት ሱባዔ ጾመው በ14ኛው ቀን የእመቤታችንን ሥጋ የተቀበሉበት መታሰቢያ ነው። ሕፃናት እንኳ ሳይቀሩ የሚጾሙት ስለ ሆነ፥ ከአጽዋማት ሁሉ ይልቅ ሕዝቡ የሚወደው ይህን ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ነሐሴ ደግሞ ዝናሙ የሚበረታበት፥ ጭቃው የሚከፋበት ወር ነው። በዚህ ወራት ወደ አዲስ አበባ አድባራትና ገዳማት የገባ ሰው፥ ነጭ ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በዛፍ ሥር፥ በደጀ ሰላሙ ጥግና በመቃብር ቤቶች ደጃፍ ተጠልሎ ያያል። ከቤቱ የሚመላለሰው ይመላለሳል፤ የቈረጠው ግን በመቃብር ቤት ሣር ጐዝጕዞ ያድራል። ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል፤ ከቀትር በኋላ ያስቀድሳል። ቅዳሴው ሲወጣ ቋጠሮው ይፈታል፤ በውስጡም የሚገኘው በሶ፥ ቆሎ ወይም የራሰ ጥሬ ነው።

እንደ ሥርዓቱ ከሆነ ሱባዔ የዝምታ ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ጥሬው በሚቀርብበት ሰዓት ዝምታ አይገኝም። አንዳንድ አባቶችም በዚህ ሲቈጡ ሰምተናል። እኛ ግን፥ ቍጣው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ ስለዚያ ወሬ ጥቂት ለመከራከር እንፈልጋለን። ከሩቅ አገር ለጸበል የመጣችው ሴት ስንቋ ማለቁ የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው። የጎረቤቱ ልጅ መታሰሩ፥ የባልቴቲቱ ጣሪያ ማፍሰሱ፥ የሽማግሌው ሳል መክፋቱ የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ አንዷ ሁለት ቋጠሮ ይዛ ትመጣለች፤ አንዱ ቆርቆሮ ይዞ ይወጣል። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ማንም ቃለ ጉባኤ አልያዘም።

ይህ ልማድ በአራዳ ለምን እንደ ጠና ለመረዳት፥ የሰፈሩን አመጣጥ መመልከት ያስፈልጋል።

የዐድዋ ድል የተገኘው በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። የጊዮርጊስ ጽላት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ስለ ነበረ፥ ቤተ ክርስቲያኑ የድሉ መታሰቢያ ሆነ። ዛሬ የሚታየው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ፥ ግሪካዊው ኦርፋኒዴስና ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ንድፉን አውጥተውለት፥ ከ1898 እስከ 1903 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ተሠራ። ከጎኑም የከተማይቱ ታላቅ ገበያ ይውል ነበር። በዚያ ገበያ እህል፥ ጨው፥ ቅቤ፥ ማር፥ ቆዳና በቅሎ ከየአገሩ ይመጣል፤ ከዕቃው ጋርም ሰው ይመጣል።

ይህ ሰው ማን ነው? ከጎጃም ከቅቤ ነጋዴ ጋር የወረደ ወጣት፥ ከጉራጌ እግሩን ለጉልበት ሥራ ያነሣ ጎልማሳ፥ ከሰሜን የጌታውን ጦር ተከትሎ መጥቶ ጌታው የሞተበት አሽከር ነው። በአገሩ ሳለ ቢታመም የሚያስታምመው፥ ቢሞት የሚቀብረው ዘመድ ነበረው። በአራዳ ግን የሚያውቀው ዕቃ የሸጠለትን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ዘመድ ማበጀት ግድ ሆነበት፤ የበጀውም ዘመድ ማኅበርና ሰንበቴ ተባለ።

በማኅበርና በሰንበቴ መካከል ያለውን ልዩነት የዛሬ ወጣቶች ሲያምታቱት ስለምናይ፥ ጥቂት ብናብራራ አንባቢያችን ይቅር ይለናል። ማኅበር በአንድ ጻድቅ ወይም መልአክ ስም በወር አንድ ጊዜ በአባላቱ ቤት ተራ በተራ የሚጠጣ ጽዋ ነው። ሰንበቴ ግን በሰንበት፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚደረግ ነው። ተረኛው ድፎ ዳቦውንና ጠላውን፥ በጾምም ቀን ንፍሮውን ይዞ ይመጣል። ቄሱ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ ዳቦው ይቈረሳል። ቁራሹ ለአባላቱ ብቻ አይደለም፤ በደጃፍ ለተቀመጠው ነዳይ፥ ለመንገደኛውና አኩፋዳውን አንግቦ ለሚዞረው የቆሎ ተማሪም ይደርሳል። በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። በማኅበር የሚመራው ሰው «ሙሴ» መባሉም ደስ የሚያሰኝ ስም ነው፤ ሕዝብ መርቶ ባሕር ያሻገረውን ነቢይ ስም ለዳቦና ለጠላ አለቃ መስጠት፥ ሕዝባችን ነገሩን በምን ያህል ክብር እንደሚያየው ያሳያል።

እኛም በተማሪነት ዘመናችን ከዚያ ዳቦ በልተናል። የማን ተራ እንደ ነበረ ጠይቀን አናውቅም፤ የጠየቀንም አልነበረም።

የሰንበቴ ትልቁ ጥቅም ግን ዳቦው አይደለም። ሰው በየሰንበቱ በአንድ ስፍራ ስለሚቀመጥ፥ ቦታው ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ይታያል። አንድ ሰንበት ቢቀር መንገድ ሄዶ ይሆናል ይባላል፤ ሁለተኛ ከደገመ ግን ሰው ይላካል። ተረኛው ቢታመም ወይም ቢያጣ፥ ተራውን ሌላው ይሸፍንለታል፤ ይህም እንደ ምጽዋት ስለማይቈጠር አያሳፍርም። ድኻውን ሳያዋርዱ መርዳት እጅግ አስቸጋሪ ነገር መሆኑን፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነን የችግረኞችን ማመልከቻ የተቀበልን ሁሉ እናውቀዋለን።

ነቀፋ የለበትም አንልም። በድግስ መፎካከር ገብቶበት፥ ለአንድ ቀን ተራ ብሎ የተበደረ ሰው አለ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ታሪክ ፈላጊውን የሚያሳዝነው፥ አብዛኛው ሰንበቴ ዘመኑን በሽማግሌዎቹ ትዝታ እንጂ በጽሑፍ ያላኖረ መሆኑ ነው።

ይህ የዘመድነት አሠራር በ1911 ዓ.ም. ከባድ ፈተና ደረሰበት። በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ፥ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በጥቂት ሳምንታት ዐለቀ። አስታማሚው ከታማሚው ጋር ተኛ፤ ጉድጓድ ቈፋሪው በቈፈረው ጉድጓድ ገባ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ አከማችቶ የሚያጤሰው የከተማ ሰው ከዚያ ዘመን ጋር የሚያያይዘው ልማድ ነው። እንዲህ ያለ መቅሠፍት ሲወርድ፥ አሥራ ሁለትና ሃያ ሰው የሚሰበሰብበት የዳቦ ማኅበር ብቻውን ሙታንን ሊቀብር እንደማይችል ግልጽ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት እድር በከተማይቱ እየሰፋ መሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም። እድር የመንደሩን ሰው ሁሉ ይይዛል፤ መዋጮ፥ ዳኛ፥ ጸሓፊ፥ ድንኳን፥ ወንበርና ብረት ድስት አለው። ሃይማኖትም አይጠይቅም። በአራዳ የኑር መስጊድ ጀማዓና የጊዮርጊስ ምእመን በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ ተቀምጠዋል። ይሁን እንጂ እድር ለሞት የቆመ ሲሆን፥ ሰንበቴ ለሕያዋን ሆኖ ጎን ለጎን ቀጠለ።

ቀጥሎ የጠላት ዘመን መጣ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነት ተቀበሉ፤ መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጊዮርጊስ ሳይርቅ ቆሟል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ሕዝቡን ሲፈጁ፥ ይህን ቤተ ክርስቲያን በእሳት ለኮሱት። ግንቡ ግን አልወደቀም፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ፤ በኋላም በእጅግ የተከበሩ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አጌጠ። አራዳን ለነጮች ለመለየት ሲሉ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት። ለሰፈሩም በቋንቋቸው አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትተውበት ሄዱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገበያው ሲነሣ ነጋዴው አብሮ ተነሣ፤ ጽላቱ ግን አልተነሣም። ወደ መርካቶ የተሻገረው ማኅበርተኛ በ23 ቀን ወደ አራዳ ለመምጣት የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ነበር። ሰፈር ፈረሰ እንጂ ማኅበር አልፈረሰም።

በ1965 ዓ.ም. የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት ሲደነገግ ምእመኑ በቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ገባ። ይህም በደኅና ጊዜ የተደረገ ነበር፤ ምክንያቱም በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠሩን መሬት፥ ቀጥሎም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፥ አብያተ ክርስቲያናት ለካህናቱና ለነዳያኑ ድርጎ ይሰጡበት የነበረው ገቢ በአብዛኛው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ ወደቀ፤ የሰንበቴው ዳቦም ለደጃፉ ነዳይ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢያችን ያስታውሰዋል። በዚያው ዓመት የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በፒያሳ ተመረቀ፤ በወራት ውስጥም ለኮሪደር ልማት ሲባል ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ። ነዋሪዎቹም ራቅ ወዳሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ቤቶቹ ብዙዎቹ ያረጁና መጸዳጃ የጐደላቸው እንደ ነበሩ አንክድም፤ አዲሱ ቤት ውሃና መብራት ያለው ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን የመንደሩ ሰው በአንድነት ወደ አንድ ስፍራ ያልተዛወረ እንደ ሆነ፥ እድሩ ድንኳኑን ለማን ይተክላል? ገንዘቡ በእኩል ሊካፈል ይችላል፤ ድንኳን ግን ተቀዶ አይካፈልም። የመርካቶው ዝውውር በእግር የሚመለሱበት ነበር፤ ይህኛው ግን የሁለት ታክሲ መንገድ ነው።

ሰንበቴውም ያልታሰበ ችግር አጋጥሞታል። ድፎ የሚጋገረው በግቢ፥ በእንጨትና በጭራሮ ነው፤ በጋራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ጭስ ማጨስ አይቻልም። አንዳንዱ በኤሌክትሪክ ምጣድ አሳንሶ ይጋግራል፤ አንዳንዱ ከዳቦ ቤት ይገዛል። የተገዛ ዳቦ ይባረካል ወይስ አይባረክም በሚል ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ሰምተናል። እኛስ ይባረካል ከሚሉት ወገን ነን።

ባለፈው ፍልሰታ በጊዮርጊስ አጸድ አንዲት አረጋዊት እናት አገኘን። ቀድሞ ከዶሮ ማነቂያ በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ አሁን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥተው ሁለት አውቶቡስ ይለውጣሉ። በአዲሱ ሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን የለም ወይ ብለን ጠየቅናቸው። መኖሩን ነገሩን፤ በዚያም ማስቀደሳቸውን አልሸሸጉም። ወደዚህ የሚመጡት ግን የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ከየተበተኑበት በዚህ ወር በዚያች ዛፍ ሥር ስለሚገናኙ ነው። አምና ሰባት ነበሩ፤ ዘንድሮ አምስት ሆነዋል፤ የቀሩትን የሁለቱን ቤት የሚያውቅ ሰው ገና እያፈላለጉ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴው ወጣ። እናታችን ጸበል ጠጥተው ቋጠሮአቸውን ፈቱ፤ ከጥሬውም ለኛ ዘገኑልን። የተረፈውን አጠገባቸው ለተቀመጠችው እንግዳ ሴት ሰጥተው፥ አውቶቡሱ ሳይሞላባቸው ለመድረስ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ቁልቁል ወረዱ።