ሣር እንዲያምር ሜርኩሪ ሲበተን

ለብዙዎቻችን ሣር ማለት በዓል ሲመጣ የሚጎዘጎዝ፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የሚነጠፍ ነው። በማግስቱ ይጠወልግና ይጠረጋል፤ ታመመ ብሎ መድኃኒት የሚገዛለት የለም። አሜሪካኖች ግን ለሣር በሽታ መቶ ዓመት ያስቆጠረ የሕክምና ታሪክ አላቸው። ታሪኩ እንደ ሜዳው ለስላሳ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎልፍ ነው። ኳሷ ወደ ጉድጓዷ የምትንከባለልበት ሣር እንደ ምንጣፍ አጥሮ መታጨድ አለበት። እንዲህ የሚታጨድ ሣር ደግሞ በፈንገስ ቶሎ ይጠቃል። አንደኛው በሽታ የብር ዶላር ሳንቲም የሚያህሉ የገረጡ ክቦች ስለሚያወጣ ስሙ “ዶላር ስፖት” ሆነ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሜርኩሪ ነበር። ካሎሜል የተባለውንና ሌሎች የሜርኩሪ ውህዶችን ከአሸዋ ወይም ከኮምፖስት ጋር እየቀላቀሉ ሜዳው ላይ በተኑት። ሣሩም አማረ።

ሜርኩሪ የእህል ዘርንም ከፈንገስ ለመጠበቅ ያገለግል ነበር። በ1971 መጨረሻ ኢራቅ በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ የስንዴ ዘር አስገባች። ዘሩ የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር፤ የከረጢቶቹ ማስጠንቀቂያም ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ተጽፏል። ብዙ ቤተሰብ ስንዴውን ዳቦ ጋግሮ በላው። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከነሱ 459 ሞቱ።

በ1976 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አብዛኛውን የሜርኩሪ ፀረ-ተባይ ከለከለ። ታዲያ ከተረፉት ጥቂት ፈቃዶች አንዱ የትኛው ነበር ትላላችሁ? በጎልፍ ሜዳ ላይ ለሚወጣው የበረዶ ሻጋታ የሚውለው! እሱም የቀረው በ1990ዎቹ ነው።

የሜርኩሪ ምትክ ይሆናሉ የተባሉትም እንከን አላጡም። በ1968 ለገበያ የቀረበው ቤኖሚል ተአምር ተብሎ ነበር። ዳሩ ግን ደጋግመው ሲረጩት ዶላር ስፖት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተላመደው።

ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው ፍሬ ፍሬ ፀረ-ፈንገስ ከዚያ ዘመን በእጅጉ ይሻላል። መድኃኒቱ በሸክላ አፈር ወይም በሌላ ተሸካሚ ፍሬ ላይ ተደርጎ እንደ ማዳበሪያ በመበተኛ ጋሪ ይበተናል፤ እንደ ዓይነቱም ውሃ ይጠጣል። ርጭት አያስፈልገውም። በ1996 ገበያ የወጣው አዞክሲስትሮቢን መነሻው ከእንጉዳይ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲሆን በዚህ መልክም ይሸጣል። ብዙ የሣር በሽታ ይከላከላል፤ ዶላር ስፖትን ግን አያድንም። በሽታውን ሳይለይ የበተነ ሰው ገንዘቡን ነው የበተነው።

የሚገርመው ዶላር ስፖት የሚወደው ናይትሮጅን ያነሰውንና ጤዛ ሲያረጥበው የሚያረፍደውን ሣር መሆኑ ነው። ጠዋት ጤዛውን ማራገፍና በልኩ ማዳበሪያ መስጠት በሽታውን ይቀንሰዋል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ መርዝ አያስፈልግም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ እንከን የሌለው አረንጓዴ መስክ ስናይ ከማድነቅ አንከልክላችሁ። ግን ምን እንደተበተነበትና ማን በባዶ እጁ እንደበተነው አብረን እንጠይቅ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሜርኩሪውን ከአሸዋ ጋር ሲያሹ የነበሩት ጎልፍ ተጫዋቾቹ አልነበሩም።