ጎጆን ያላወቀ አዋጅ

ለአልዱባ የማክሰኞ ገበያ አሪው ከደጋ ይወርዳል። ክብ፣ ጭቃ ምርግ፣ ሳር ክዳን ቤቱን ሕጋችን ምን ይለዋል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት ምድብ ሲከፍል የሚቆጥረው ፎቅን፣ የሚለካው በአርማታ ወይም በብረት ምሰሶዎች መካከል ያለውን ርቀት ነበር። ጎጆን አልከለከለም፤ አላወቃትምም እንጂ። የጉጌ ተራራው ዶርዜ ቤቱን ከቀርከሃ ይሸምናል። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲያሻው ተሸክሞት ይሄዳል። (የትኛው ኮንዶሚኒየም ይህን ይሞክራል?) የኮንሶ እርከኖችና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገቡ። ሁሉም ቤት ግን ቅርስ ተብሎ አይመዘገብም፤ ሰው ይኖርበታል፣ ቆርቆሮም ያምረዋል። እኔ ብሆን የሥነ ሕንፃ ተማሪውን ሜትር አስይዤ አሪ ደጋ እሰደዋለሁ፤ ሳር ከዳኞቹ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ። ልኬቱ ከተከማቸ ደንብ አውጪው የጭቃና የቀርከሃ ምድብ ላለመጻፍ ሰበብ ያጣል።