ዊሊያምስ፦ የቦርድ አመራርና የአካባቢ ጥበቃ

ዊሊያምስ መቀመጫውን በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ቱልሳ ከተማ ያደረገ የተፈጥሮ ጋዝ አጓጓዥ ኩባንያ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንድማማቾች በግንባታ ተቋራጭነት መሠረቱት። በ1995 የገዛው ትራንስኮ የተባለው የቧንቧ መስመር ከደቡብ ቴክሳስ ተነስቶ እስከ ኒውዮርክ ይዘልቃል።

ለዓመታት የቦርድ ሰብሳቢነትና የዋና ሥራ አስፈጻሚነት ኃላፊነቶች በተለያዩ ሰዎች እጅ ነበሩ። በ2025 ግን ከ2011 ጀምሮ ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አለን አርምስትሮንግ የቦርዱ ሰብሳቢ ሲሆኑ፣ ቻድ ዛማሪን በሥራ አስፈጻሚነት ተኳቸው። እንዲህ ያለው ሽግግር ልምድን ያቆያል፤ ሰብሳቢው የራሳቸውን ዘመን ውሳኔዎች በገለልተኝነት መመርመር ስለሚከብዳቸው ግን የነጻ የቦርድ አባላት ድርሻ ከፍ ማለት ይኖርበታል።

ቦርዱ ሊከታተለው የሚገባው ዋናው የአካባቢ ጉዳይ ሚቴን ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ሲሆን፣ ሳይቃጠል ከቧንቧ፣ ከቫልቭ ወይም ከግፊት ማሳደጊያ ጣቢያ ሲያመልጥ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ ፍሳሽን ፈልጎ መድፈን ለአየር ንብረት ፈጣን ጥቅም ይሰጣል፤ የሚሸጠውንም ጋዝ ከብክነት ያድናል።

የመሬትና የውሃ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ኮንስቲትዩሽን የተባለው የመስመር ዕቅድ በ2016 ከኒውዮርክ ግዛት የውሃ ጥራት ፈቃድ ተነፍጎ፣ በ2020 ኩባንያውና አጋሮቹ ተዉት።

በዚያው ዓመት ዊሊያምስ ልቀቱን እስከ 2030 ከ2005 መጠን በ56 በመቶ ለመቀነስ፣ በ2050 ደግሞ የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረስ ግብ አወጣ። ግቡ የሚመለከተው የኩባንያውን የራሱን ሥራ ነው፤ ደንበኞች ጋዙን ሲያቃጥሉ የሚወጣውን ልቀት አያካትትም።