ሐርተሼክና የመኪናችን ጎማ

ጎማ ሊቀይር መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ኦሪጅናል ነው?» ይላል። ሻጩ «የጃፓን ነው» ሲለው ነገሩ ያልቃል። መቼ ተመረተ? ስንት ኪሎ ይሸከማል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ታሪክ አለው እላለሁ፤ ታሪኩም ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ ሐውድ ሜዳ ላይ ወዳለችው ሐርተሼክ ይወስደናል።

በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሬ በመንግሥት እጅ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው አዲስ ጎማ ፋብሪካ ቢኖርም፣ ለግል መኪና የሚሆን ልክ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ያኔ ነው ሌላ በር የተከፈተው፤ የከፈተው ደግሞ ጦርነት ነው። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቁ። የዚያድ ባሬ ጦር ከተሞቹን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ድንበር ተሻገረ። ሐርተሼክ ላይ የተተከለው ካምፕ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር፤ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ተብሎለታል።

ቦታው ውሃ የለውም። ውሃው በቦቴ፣ ስንዴው በጭነት መኪና ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ ሕዝብ ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ ቢባል ማጋነን አይደለም። ስንዴ ብቻ በልቶ የሚኖር ሰው ስለሌለ ከራሽኑ ከፊሉ ይሸጣል፤ በርበራ ወደብ ከወረደው ዕቃ ደግሞ ይገዛል። እንዲህ እያለ ሐርተሼክ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሳይቀር የሚመላለስባት ገበያ ሆነች። ጨርቁ፣ ቴፑ፣ የመኪና መለዋወጫው በዚያ መስመር ገባ።

«ኮንትሮባንድ» የሚለው የእኛ የመሀል አገሮቹ ቃል ነው። ሐውድ እስከ 1947 ዓ.ም. በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበር። ወንድም ከወንድም ድንበር ለሁለት የከፈለው ነጋዴ፣ ከአጎቱ ልጅ ዕቃ ሲገዛ ወንጀል እየሠራሁ ነው ብሎ አያስብም። ኬላ ላይ ከፊናንስ ጋር ሲሳደድ ግን ዕቃው ያለ ወረቀት፣ በሌሊት ይጓዛል።

ወረቀት አልባነቱ ለቴፕ ብዙም አይጎዳ። ቴፑ ተከፍቶ ይሞከራል፤ ወይ ይዘፍናል ወይ አይዘፍንም። ጎማ ግን ሱቅ ውስጥ አይሞከርም። ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ ተቆልሎ የቆየውም ትናንት የመጣውም ጥቁር ነው፤ ጥርሱም ሙሉ ነው። ደረሰኝ በሌለበት ገበያ ገዢው የቀረው መተማመኛ የአገር ስም ብቻ ሆነ፤ «የጃፓን» የሚለው ቃል በዋስትና ፋንታ ቆመ። ስደተኞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ካምፑ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። የአገዛዝ ልማዳችን ግን አልተዘጋም።

ዛሬ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ከጅግጅጋ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው የሐረርንና የቁልቢን ደጋ አልፎ ሚኤሶና አዋሽ ቆላ ይወርዳል። ያረጀ ወይም ነፋስ የጎደለው ጎማ የሚፈነዳው እዚያ ትኩስ አስፋልት ላይ ነው። ሌላም አለ፦ ከጃፓን ያገለገለ ቪትዝ አንዳንዴ የበረዶ ጎማውን እንዳጠለቀ ይመጣ ነበር። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት አለው። «የጃፓን» መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ላስቲኩ ለብርድ የተሠራ ለስላሳ ስለሆነ በእኛ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ርቆ ይቆማል።

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዋጋው ስለናረ፣ ርካሽ ያገለገለ ጎማ የሚያማልለው ሰው በዝቷል። አልፈርድበትም። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ደግሞ ባትሪው ከባድ መሆኑን ይርሳ እንዴ? 195/65 አር15 ከሚለው ልክ ቀጥሎ የሚመጣው 91 የክብደት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ልኩ ገጠመ ተብሎ ከመኪናው መጽሐፍ ያነሰ ቁጥር አይገጠምም።

ዕድሜው የሚታወቀው በአራት አሃዝ ነው። 3521 ካለ በ2021 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንት ተመርቷል። ሦስት አሃዝ ብቻ ካያችሁ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና ወደ በረባሶ ሠሪው ይሂድ። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይፈተሽ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርሱ ቢኖርም ይጣል ይላሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ጎሚስታው ቸርኬው ላይ ከመግጠሙ በፊት አስገልብጣችሁ እዩት፤ ከተገጠመ በኋላ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ከዞረ ለማንበብ መኪናው ሥር መግባት ነው።