ያልለቀቀ ኮቪድ

«ትኩሳቱስ ተወኝ፤ በሽታው ግን አልለቀቀኝም» የሚል ሕመምተኛ ሲያጋጥመን፥ የምርመራው ወረቀት ቫይረስ የለም እያለ እርሱ ግን አንድ ዘንቢል ልብስ አጥቦ ባሰጣ ማግሥት ከአልጋው መነሣት ሲሳነው፥ ጨዋታ ጀምሮ የሚናገረው ቃል ከአፉ ሲጠፋበት፥ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ልቡ ሲደልቅበት ስናይ፥ ይህን ሕማም በምን ስም እንጥራው የሚለው ጥያቄ ለመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

በእንግሊዝኛ «ሎንግ ኮቪድ» የሚለውን ስም ያወጣችለት ሐኪም ሳትሆን፥ ራሷ በሕመሙ የተያዘች ኤሊሳ ፔሬጎ የተባለች የአርኪዮሎጂ ሊቅ ናት፤ ቃሉንም በግንቦት 2012 ዓ.ም. በትዊተር ላይ ጻፈችው። የዓለም የጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው ፍቺ መሠረት፥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ኮቪድ ከያዘ በ3 ወር ውስጥ የሚታይ፥ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ፥ በሌላ በሽታም ሊመካኝ የማይችል ነው።

እኛ ቃሉን እንዳለ ገልብጠን «ረጅም ኮቪድ» ብንል፥ በሽታው ቁመት ያለው ይመስላል። «ግርሻ» እንዳንል፥ ግርሻ ተሽሎት የነበረ ሰው እንደገና ሲወድቅ ነው፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ያልሄደ ነው። «ሥር የሰደደ» ብንል ደግሞ በጊዜ ብዛት እየተሻላቸው የሚሄዱትን ተስፋ ያስቆርጣል። ስሙ በመጀመሪያ ከሕመምተኛ አፍ እንደ ወጣ ሁሉ፥ የአማርኛውም ከዚያው ቢወጣ የተገባ ነውና «ያልለቀቀ ኮቪድ» እንበለው፤ ለሐኪሞች መዝገብ ደግሞ ከግዕዝ «ድኅረ ኮቪድ ሕማም» የሚለው ይስማማል።

የማይለቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። በአንዳንዱ ሕመምተኛ የቫይረሱ ርዝራዥ በአንጀትና በሌላም አካል ተሸሽጎ ይቈያል፤ በሌላው በሽታን ሊከላከል የተሰለፈው ፀረ እንግዳ አካል የገዛ ሥጋውን እንደ ጠላት ይወጋል፤ ለብዙ ዘመን ተኝቶ የነበረ እንደ ኤፕስታይን ባር ያለ ቫይረስ የሚነሣበትም አለ፤ የቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን መጎዳቱና ጥቃቅን የደም መርጋትም ይጠረጠራሉ። በ2016 ዓ.ም. የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐተታ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል፤ በአንጀት የቀረው ርዝራዥ የሚያስነሣው መቈጣት ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያሳንስ፥ የዚህም ማነስ ከአንጀት እስከ አንጎል የሚዘልቀውን ቬገስ የተባለ ነርቭ እንደሚያደክም፥ ከዚያም የማስታወስ ኀይል ሊጎዳ እንደሚችል ያስረዳልና፥ ቃል የጠፋበት ሰው ሰነፈ መባሉ ምን ያህል ግፍ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ይበዛል፤ ኮቪድ በጽኑ የጣለው፥ የስኳር በሽታ ወይም አስም ያለበት፥ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለው፥ ትምባሆ የሚያጤስም የበለጠ ይጋለጣል፤ ክትባት ግን አደጋውን ይቀንሰዋል። ሆኖም ቀለል ባለ ጉንፋን መልክ ብቻ የያዛቸው፥ ወጣትና ጤነኛ የነበሩ ብዙ ሰዎችም አላመለጡም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ «አልለቀቀኝም» የሚል ሰው ቢኖር፥ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና የሚያደክመውን ሥራ ጽፈህ ይዘህ ወደ ሐኪም አብረኸው ሂድ፤ እስኪሻለውም ድረስ ከዐቅሙ በላይ እንዲሠራ አታስገድደው።