የተጠጋውን ልጅ ማን ሰማው?

ከጣርማ በር ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ የይፋት ቆላ ይጀምራል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ገበያ የሚጋሩበት አገር ነው። ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በሌላ ቤት ማደግም እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኦሮሞው በጉዲፈቻ፣ አማራው በጡት ልጅነት ሲያሳድግ ኖሯል።

በጡት ልጅነት ሥርዓት አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ይቀባና ጡቱ ላይ ይይዘዋል። ልጁ በምስክሮች ፊት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ናቸው፤ ልጁን የነካ አሳዳጊውን ነካ።

ትልቅ ከለላ ነበር። ግን በዳዩ ራሱ አሳዳጊው ቢሆንስ? ለሴት ልጅ ደግሞ ይብስ ነበር። ከጠለፋ አምልጣ አክስቷ ቤት የገባችውን ልጅ፣ ሽማግሌ ካሳ አስቆርጦ ለጠላፊዋ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሕጉም አላስጣላትም፦ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። ይህ አንቀጽ የቀረው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

በ1977 ድርቁ የይፋትና ጥሙጋ አውራጃንም መታ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ወላጅ አልባው ልጅ ዘመድ ከሚችለው በላይ ሆነ፤ ማሳደጊያዎችም ተከፈቱ። ከይፋት በስተሰሜን፣ ሐይቅ አካባቢ የሚገኘው የጃሪ የሕፃናት መንደር አንዱ ነው፤ ያስተዳድረው የነበረው ቴር ደ ዞም ሎዛን የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት ነበር። ልጆቹ እንጀራ፣ አልጋና ትምህርት ቤት አገኙ። በ1995 ግን አዲስ አበባ ያስቻለው ፍርድ ቤት የመንደሩን የቀድሞ ኃላፊ፣ አንድ እንግሊዛዊ፣ በወንዶች ልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት 9 ዓመት እስራት ፈረደበት። ረሃብን ሸሽተው ለተጠጉ ልጆች ይህ ሁለተኛ መከራ ነበር። ያበላቸው ሰው ሲበድላቸው አቤት የሚሉበት ሌላ በር አልነበራቸውም፤ በመንደር ሽማግሌ ፊት የቆመችው ልጅም ያጣችው ይህንኑ በር ነው።

ከዚያ ወዲህ አስተሳሰቡ ተለውጧል። በ2001 የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ዘመድንና ጎረቤትን አስቀደመ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ልጆች እያስጠጋ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ጥቃት የደረሰባት ልጅ እዚያ የምታርፈው ክሷ እየታየ፣ ቁስሏም እየታከመ ነው። ከቀድሞው መጠጊያ ትልቁ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስላል።

በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ብዙ ቤተሰብ በትኗል። ስለዚህ በይፋት ልጅ የሚያስጠጋ ዘመድም ሆነ ድርጅት፣ ልጁን ብቻውን የሚያነጋግር፣ ከቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ይመድብለት። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ልጁ የተጠጋበትን ቤት ሳያስጠነቅቅ ይጎብኝ።